ሁለት ካፒቴን ለአንዲት መርከብ

እ.ኤ.አ. በ1949 አልበርት አይንስታይን ሰባ ዓመቱን ደፈነ። ለዚሁ ክብር በተዘጋጀው መድበል ከተካተቱት ጽሑፎች አንዱ የኩርት ጎደል ነበር፤ በፕሪንስተን ከአይንስታይን ጋር እየተጨዋወተ ወደ ቤቱ በእግሩ ይመለስ የነበረው የሎጂክ ሊቅ። ጎደል የወዳጁን የአንጻራዊነት ቀመሮች ወስዶ አዲስ መፍትሔ አበጀላቸው። ጽንፈ ዓለሙ በጠቅላላ የሚሽከረከር ቢሆን አንድ መንገደኛ በሮኬት መርከብ ተሳፍሮ፣ በቂ ስፋት ያለው ዙር ዞሮ፣ ወደ ገዛ ራሱ ያለፈ ዘመን ሊደርስ እንደሚችል አሳየ። መንገደኛው ቀድሞ በኖረበት ቦታ አንድ ሰው ያገኛል፤ ያ ሰው በዕድሜ የሚያንሰው እሱ ራሱ ነው። ሊያናግረው፣ ሊከለክለው፣ ሊጎዳውም ይችላል፤ በትዝታው ግን እንዲህ ያለ ነገር ደርሶበት አያውቅም። ጎደል መርከቧ ቢያንስ በብርሃን ፍጥነት 71 በመቶ ያህል መብረር እንዳለባት አስልቷል፤ የሚያስፈልገው ነዳጅ ከሰው አቅም በላይ መሆኑንም አልሸሸገም። አይንስታይን በመልሱ ነገሩን አላጣጣለውም፤ እንዲህ ያለውን መፍትሔ በፊዚክስ ምክንያት ውድቅ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል ብሎ አለፈው። ጽንፈ ዓለማችን ሲስፋፋ እንጂ ሲሽከረከር ስላልታየ የጎደል መርከብ ከወረቀት አልወጣችም።

ልብወለድ ጸሐፊዎች ግን ከጎደል ቀድመው እዚያ ደርሰው ነበር። ከዚያ ወዲህም የጠፈር መርከብ ባልደረቦች ከወደፊት ራሳቸው ጋር ፊት ለፊት የሚገናኙበት ታሪክ በመጽሐፍ፣ በሲኒማ፣ ከሁሉም ይልቅ በቴሌቪዥን ተደጋግሞ ተነግሯል። ብዙ ሰው የአእምሮ ጨዋታ አድርጎ ያየዋል። እኔ ይህ ታሪክ ከጨዋታነት ወጥቶ ቁም ነገር የሆነው መርከብ ላይ የተሳፈረ ዕለት ነው ብዬ አምናለሁ። በአገር ጎዳና የገዛ መልኩን ያየ ሰው መንገድ ቀይሮ ሊሄድ ይችላል፤ በጠፈር መካከል ግን መሸሻ የለም። ደግሞም ካፒቴን ብቻውን አይደለም። ከራሱ ጋር ተከራክሮ የሚደርስበት ውሳኔ ከኋላው የቆሙትን ሁሉ ጠቅልሎ የሚወስድ ነው። እዚያ ላይ ሲደርስ "ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል?" የሚለው ጥያቄ ይቀርና "የማን ሕይወት ይቅደም?" የሚለው ይመጣል። የታሪኩን ጉዞ በዚህ ዓይን ልከተለው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከማውቃቸው የዚህ ዓይነት ገጠመኞች ቀደም ያለው የጀርመኑ ባለቅኔ የጎተ ነው። በሕይወት ታሪኩ እንደተረከው፣ በወጣትነቱ በአልዛስ በምትገኘው በዜዘንሃይም የምትኖረውን ወዳጁን ፍሪደሪከን ተሰናብቶ በፈረስ ሲመለስ ሌላ ፈረሰኛ ከፊቱ መጣ። ፈረሰኛው እሱ ራሱ ነበር። የለበሰው ግን ጎተ ለብሶት የማያውቀውን ወርቅ ጣል ጣል ያለበት ግራጫ ልብስ ነው። ጎተ ከሕልም እንደሚነቃ ሰው ራሱን ሲያነቃንቅ ምስሉ ጠፋ። ከስምንት ዓመት በኋላ ፍሪደሪከን ለመጠየቅ በዚያው መንገድ ሲጓዝ ልብ ብሎ ቢያይ የለበሰው ያንኑ ልብስ ነው፤ አስቦበት ሳይሆን እንዲያው አጋጣሚ። እዚህ የወደፊቱ ሰው ምንም አይናገርም፤ ምንም አይጠይቅም። ትንቢት ነው፤ መጥቶ ያልፋል።

የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ጸሐፊዎች የሰውን አምሳያ ወደዱት። ኤድጋር አለን ፖ በ1839 "ዊልያም ዊልሰን"ን፣ ዶስቶየቭስኪ በ1846 "አምሳያው"ን ጻፉ። እነዚህ አምሳያዎች ግን የባለቤቱ እኩያ ናቸው እንጂ ከነገ የመጡ አይደሉም። ሄንሪ ጄምስ በ1908 ባወጣው አጭር ልብወለድ ነገሩን አንድ እርምጃ ወሰደው፤ ዘመኑን በአውሮፓ የኖረ አሜሪካዊ ኒው ዮርክ ወደሚገኘው አሮጌ ቤቱ ተመልሶ፣ አገሩን ባይለቅ ኖሮ ይሆን የነበረውን ሰውዬ በጨለማ ያድነዋል። ያልተኖረ ሕይወት እንደ ሥጋ ለባሽ ሰው ሊቆም እንደሚችል ያሳየ ታሪክ ነው፤ በኋላ የሚመጡት የመርከብ ታሪኮች ብዙ ዕዳ አለባቸው።

ኤች ጂ ዌልስ በ1895 የጊዜን መኪና ሲፈጥር ራሱን የሚያገኝ ሰው ማሰቡን ታሪኩ አያሳይም። ተጓዡን በአንድ ትንፋሽ እስከ 802,701 ዓ.ም. ስለወረወረው ከራሱ ጋር የሚያጋጥመው ቅርበት አልነበረም። ወደ ፊት ብቻ መሄድ ደግሞ አምሳያ አይወልድም። እኛ በቤተ ክርስቲያናችን መጻሕፍት የምናውቀው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ በለስ ሊያመጣ ወጥቶ ከዛፍ ጥላ ሥር 66 ዓመት ተኛ፤ ሲነቃ በለሱ ትኩስ ነው፤ ኢየሩሳሌም ግን የማያውቃት ከተማ ሆናበታለች። በ1911 ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ፖል ላንዥቨ ይህንኑ የመሰለ ነገር በሒሳብ አስረዳ፤ ለብርሃን በቀረበ ፍጥነት ሄዶ የሚመለስ መንገደኛ ሁለት ዓመት ሲያረጅ ምድር ሁለት መቶ ዓመት ታረጃለች። ይህ ዛሬ የተረጋገጠ ነው። በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ስድስት ወር የቆየ ሰው ምድር ላይ ከቀረው እኩያው በአምስት ሺህኛ ሰከንድ ያህል ያነሰ ዕድሜ ይዞ ይመለሳል። ያም ሆኖ ከራሱ ጋር አይገናኝም። ለመገናኘት መንገዱ መጠምዘዝ፣ ወደ ኋላም መመለስ አለበት።

ጠምዝዞ የመለሰው ሮበርት ሃይንላይን ነው። በጥቅምት 1941 "አስታውንዲንግ" በተባለው መጽሔት፣ አንሰን ማክዶናልድ በሚል የብዕር ስም ባወጣው ታሪክ ቦብ ዊልሰን የተባለ ተማሪ በሩን ዘግቶ የመመረቂያ ጽሑፉን ይጽፋል። ከአየር ላይ በተከፈተ ክብ በር አንድ ሰው ይገባና ወደዚያ እንዲሻገር ይገፋፋዋል። ሌላ ሰው ተከትሎ ይገባና እንዳይሻገር ይከለክለዋል። ሦስቱ ይደባደባሉ። ቦብ በቡጢ ተመትቶ በበሩ ወዲያ ሲወድቅ 30,000 ዓመት ወደ ፊት ደርሶ ዲክቶር የተባለ ጎልማሳ ይቀበለዋል። ቀስ በቀስ እንደምንረዳው ሦስቱም ተደባዳቢዎች አንድ ሰው ናቸው፤ ዲክቶርም ራሱ ቦብ ነው። ሃይንላይን በ1959 ይህን መንገድ እስከ ጫፉ ወስዶ፣ አንድ ሰው የራሱ አባትም እናትም የሆነበትን ታሪክ ጻፈ።

እነዚህ ሁለት ታሪኮች በአሠራራቸው እንከን የላቸውም፤ ነገር ግን ቀዝቃዛ ናቸው። በ1941ዱ ታሪክ አንዱ ቦብ ሌላውን ቦብ ሲያታልል ምንም አይሰማውም፤ ጉዳቱ የገዛ ራሱ ስለሆነ የሚጠይቀው የለም። ሌላ ሰው ወደ ክፍሉ ባለመግባቱ ነገሩ በሎጂክ ይፈታል፤ ከሎጂክ በቀር ሌላ ዳኛ አያስፈልገውም።

የፖላንዱ ደራሲ ስታኒስዋፍ ሌም ይህን ሁሉ ወደ ጠፈር መርከብ አመጣው። በ"የከዋክብት ማስታወሻዎች" ሰባተኛው ጉዞ ላይ ኢዮን ቲኺ ብቻውን ሲበር ጠጠር የምታክል ሜቴዎር የመርከቡን መሪ ትሰብርበታለች። ብሎኑን አንድ ሰው ካልያዘለት ሌላው ሊያጠብቀው አይችልም፤ ሁለት ሰው የግድ ነው። መርከቡ ጊዜን በሚያጠማዝዙ አዙሪቶች ውስጥ ሲገባ የሰኞው ቲኺ ከማክሰኞው፣ የማክሰኞው ከረቡዑ ጋር ይገናኛል። እንግዲህ እጅ በዛ፣ መሪው ተጠገነ ያልን እንደሆነ ተሳስተናል። አንዱ ሌላውን አያምንም፤ ከዚያ ስድብ፣ ዱላ፣ በመጨረሻም ስብሰባና ኮሚቴ። መሪውን የሚጠግኑት ትልልቆቹ ሲጨቃጨቁ ሹልክ ብለው የወጡ ሁለት ሕፃናት ናቸው፤ እነሱም ቲኺ ናቸው። ሌም ያሳቀው በቁም ነገር ነው። አንድ ሰው ሲበዛ ሕዝብ ይሆናል፤ ሕዝብ ሲሆን ደግሞ ፖለቲካ ይጀምራል። ከሃይንላይን የወረሰውን እንቆቅልሽ ወደ አስተዳደር ጥያቄ የለወጠው የመጀመሪያ ሰው አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

በሲኒማ በኩል ስታንሊ ኩብሪክ በ1968 ከአርተር ሲ. ክላርክ ጋር በሠራው "2001" ፊልም መጨረሻ ላይ አንድም ቃል ሳይናገር ይህንኑ አሳይቷል። ዴቪድ ቦውማን ከነጠፈር ልብሱ በአንድ ያጌጠ ክፍል ቆሞ በመስታወት ሲያይ ፊቱ ተጨማዷል። የማንኪያና የሹካ ድምፅ ይሰማል፤ ገልመጥ ሲል አንድ ሽማግሌ ጀርባውን ሰጥቶ ይበላል። ሽማግሌው ዘወር ሲል ወጣቱ የለም። ብርጭቆ ከጠረጴዛ ወድቆ ይሰበራል፤ ሽማግሌው ቀና ሲል አልጋ ላይ የተኛ፣ ሊሞት የተቃረበ ሰው ያያል፤ ያም እሱ ነው። እያንዳንዱ ቀጣዩን ሲያይ ራሱ ይጠፋል። የቦውማን ባልደረቦች በዚያ ጊዜ ሁሉም ሞተዋል፤ የሚከራከረው ሰው የለውም። እንደ ጎተው ሁሉ ያያል እንጂ አይጠየቅም።

ነገሩን ያበሰለው ቴሌቪዥን ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ በተከታታይ ድራማ ተመልካቹ ባልደረቦቹን ለዓመታት ያውቃቸዋል። የወደፊቱ ሰው በር ከፍቶ ሲገባ ምን እንደጎደለው፣ ምን እንደተለወጠበት ያለ ማብራሪያ ይገባናል። በ1973 በ"ስታር ትሬክ" የአኒሜሽን ክፍል ስፖክ ሩቅ ዘመድ መስሎ ሕፃን ራሱን ሊያድን ወደ ትውልድ ፕላኔቱ ይመለሳል። በ1988 የእንግሊዙ "ሬድ ድዋርፍ" መርከብ ከብርሃን ፍጥነት ስታልፍ የነገ ምስሎች ቀድመው ይታያሉ፤ ሊስተርም 171 ዓመት የሞላውን ራሱን አግኝቶ ያነጋግራል። ሁለቱም መልካም ናቸው። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ሌላ ነገር ነው።

በ1989 የተላለፈው የ"ስታር ትሬክ፦ ቀጣዩ ትውልድ" ክፍል በአንዲት ትንሽ መንኮራኩር ይጀምራል። መርከቧ ኢንተርፕራይዝ በባዶ ጠፈር ስትንሳፈፍ ያገኘቻት ይህች መንኮራኩር ኤል ባዝ ትባላለች፤ የአፖሎን ጠፈርተኞች ጨረቃን እንዲያነቡ ባሠለጠነው በግብፅ ተወላጁ የሥነ ምድር ሊቅ በፋሩክ ኤል ባዝ የተሰየመች ናት። ውስጧ አንድ ሰው ራሱን ስቶ ወድቋል። ሲያዩት ካፒቴን ዣን ሉክ ፒካርድ ነው። እውነተኛው ካፒቴን ደግሞ ከጎናቸው ቆሟል። የመንኮራኩሯ ሰዓት ስድስት ሰዓት ወደ ፊት ይቆጥራል፤ መዝገቧም ኢንተርፕራይዝ ከነሕዝቧ በአዙሪት ተውጣ ስትጠፋ ያሳያል። ካፒቴኑ ብቻ ወጥቷል።

ይህን ክፍል ከሌሎቹ ሁሉ የሚለየው ፒካርድ ለገዛ ራሱ የሚያሳየው ጥላቻ ነው። ፓትሪክ ስቱዋርት ሁለቱንም ሆኖ ሲጫወት አንዱ አልጋ ላይ እየተወራጨ ቃል ማውጣት ያቅተዋል፤ ሌላው ከበላዩ ቆሞ በንቀት ያየዋል። መርከቡን ጥሎ የሸሸ ካፒቴን! ፒካርድ ከዚህ ሰውዬ ጋር ስም መጋራቱን መቀበል አይችልም። ሐኪሟ ጊዜ እንደሚያስፈልገው ስትነግረው አይታገሥም፤ ያንገላታዋል፣ ያፋጥጠዋል። የሸሸበት ሰዓት እየቀረበ ሲመጣ ሁለተኛው ፒካርድ እየነቃ፣ አእምሮው እየተመለሰ ይሄዳል፤ ተነሥቶም ወደ መንኮራኩሯ ያመራል። ያን ጊዜ እንረዳለን፤ ከመርከቡ የወጣው ሊሸሽ ሳይሆን አደጋው እሱን ተከትሎ ሕዝቡን እንዲተው አስቦ ነው። መሥዋዕት መስሎት ያደረገው ነገር ሁሉንም ፈጀ። ፒካርድ በመንኮራኩሮቹ ማቆሚያ ይይዘውና ሌላ ምርጫ አልነበረም ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። ከዚያ ተኩሶ ይገድለዋል። መርከቧንም ከመሸሽ ይልቅ በቀጥታ ወደ አዙሪቱ ልብ ያስነዳታል፤ ትተርፋለች።

አንዳንድ ተመልካቾች የአዙሪቱ ምንነት አለመገለጹን እንደ ጉድለት ያዩታል። እኔ ጉድለቱ ታሪኩን ጠቅሞታል ባይ ነኝ። ማብራሪያ ቢኖር ኖሮ ዐይናችን ወደ ማብራሪያው ይሄድ ነበር፤ አሁን ግን የምናየው አንድ አዛዥ በራሱ ላይ የፈረደውን ፍርድ ብቻ ነው።

"ሬድ ድዋርፍ" በ1993 ባስተላለፈው ክፍል የዚህን ተቃራኒ ይዞ መጣ። አስቂኝ ድራማ ነው፤ ሐሳቡ ግን የዋዛ አይደለም። ባልደረቦቹ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ያሉ ራሳቸውን ይጋብዛሉ። የሚመጡት በጊዜ መኪናቸው እየተዘዋወሩ በታሪክ የታወቁ ባለጠጎችና ጨካኞች ማዕድ ላይ የሚቀመጡ፣ ሂትለርን ሳይቀር ወዳጅ ያደረጉ ሰዎች ናቸው። መኪናቸው ስለተበላሸ ከቀድሞ ራሳቸው መለዋወጫ ሊቀዱ ይፈልጋሉ። ወጣቶቹ እንዲህ ሆነን ከምንኖር ብንሞት ይሻላል ብለው እምቢ ይላሉ። የወደፊቶቹ ይተኩሱባቸዋል፤ እነዚህም እጅ ሳይሰጡ አንድ በአንድ ይወድቃሉ። የገዛ ወጣትነታቸውን ሲገድሉ የራሳቸውን ሕልውና እንደሚያጠፉ እያወቁ መተኮሳቸው የሰው ስግብግብነት እስከ ምን እንደሚሄድ ያሳያል። ፒካርድ አንድን ስሕተት ገደለ፤ እነዚህ ግን ሊሆኑት የማይፈልጉትን ማንነት በሞታቸው ዘጉት።

ወደ ጫፉ ደረስን። ከዚህ ዘር ሁሉ አንድ ታሪክ ብቻ አስቀር ብባል በ1997 የተላለፈውንና ሬኔ ኤቼቫሪያ ለ"ዲፕ ስፔስ ናይን" የጻፈውን "የጊዜ ልጆች" አስቀራለሁ። ዲፋየንት የተባለችው መርከብ በኃይል ግርዶሽ የተከበበች ፕላኔት ላይ ሰዎችን ታገኛለች፤ ቁጥራቸው 8,000 ነው። የማኅበሩ ሽማግሌዎች ካፒቴን ሲስኮን በስሙ ይጠሩታል። ምክንያቱን ይነግሩታል፤ ከሁለት ቀን በኋላ መርከቢቱ ለመሄድ ስትነሣ ግርዶሹ ሁለት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ይወረውራታል፤ ትከሰከሳለች፤ ባልደረቦቹ መውጫ አጥተው ያገባሉ፣ ይወልዳሉ፣ ያርሳሉ። ከፊቱ የቆሙት የባልደረቦቹ ዘሮች ናቸው።

ከባልደረቦቹ መካከል ሁለት መቶ ዓመት በሕይወት የቆየ አንድ ብቻ አለ፤ ዕድሜ የማይገዛው ቅርጽ ለዋጩ ኦዶ። ወጣቱ ኦዶ ኪራ የተባለችውን ጓደኛውን ይወዳታል፤ ነግሯት ግን አያውቅም። ሽማግሌው ኦዶ መጥቶ ይነግራታል። በሁለት መቶ ዓመት ውስጥ ፊቱን የሰው ፊት አስመስሎ መቅረጽ ተለማምዷል፤ መናገርም ተምሯል። እሷ ግን በመከስከሱ ምክንያት ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሞታለች፤ መቃብሯም እዚያው ነው።

እንግዲህ ምርጫው ይህ ነው። ዲፋየንት በሰላም ብትሄድ 8,000 ሰዎች ይጠፋሉ፤ መጥፋት ብቻም አይደለም፣ እንዳልነበሩ ይሆናሉ። ብትከሰከስ ደግሞ ኪራ ትሞታለች፤ ሌሎቹም ቤተሰባቸውን ዳግመኛ አያዩም። መሐንዲሱ ኦብራየን በጣቢያው ላይ ሚስትና ልጆች አሉት። እዚህ ደግሞ የእሱን ስም የተሸከሙ፣ ያላገባት ሴት የወለደችለት ዘሮች ቆመዋል። መጀመሪያ ላይ ፊት ይነሣቸዋል። ሊያያቸውም አይፈልግም፤ ቢያያቸው ልቡ እንደሚከፈል ያውቃል። ታሪኩ የሚያድርበትም ቦታ ይኸው ነው፤ የተዘራ መሬት፣ ልጆች፣ የመዝሪያ ቀን በዓል። ባልደረቦቹ ከእነዚያ ሰዎች ጋር ተንበርክከው ዘር ሲተክሉ ሐሳባቸው ይለወጣል። ማንም በክርክር አልረታቸውም፤ አፈሩን አብረው ስለነኩ ነው። ለመከስከስ ይወስናሉ፤ ኪራም ጭምር፣ መሞቷን እያወቀች።

ግን መርከቧ አትከሰከስም። አንድ ሰው በስውር የጉዞ መሥመሯን ቀይሮታል። ግርዶሹን አልፈው ወደ ኋላ ቢያዩ ፕላኔቷ ባዶ ናት። የቀየረው ሽማግሌው ኦዶ ነው፤ ኪራ እንድትኖር ብሎ 8,000ውን ከራሱ ጋር አጠፋቸው። ወጣቱ ኦዶ ሊያስረዳት ሲሞክር ኪራ የምትለው ታጣለች፤ የተወደደችው በዚህ ዋጋ ነው። ሁለት መቶ ዓመት ሲያስታውሳት የኖረ ፍቅር ይህን ያህል ንጹሕ፣ ይህን ያህል አስፈሪ ሊሆን እንደሚችል ያሳየ ሌላ የቴሌቪዥን ታሪክ አላውቅም። ደራሲው አልፈረደም፤ እኔ ግን ልፈርድ፤ ሽማግሌው ኦዶ ነፍሰ ገዳይ ነው። እነዚያ ሰዎች ከካፒቴኑ ጀምሮ ሁሉም የተስማሙበትን ውሳኔ አንድ ሰው በሌሊት ሰረዘው።

ከዚህ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ይህን ጥያቄ በተለያየ አቅጣጫ ደግመው ያነሡታል። በ2001 በተላለፈው የ"ቮየጀር" የመዝጊያ ክፍል አድሚራል ጄንዌይ መርከቧን ከ23 ዓመት እንግልት በኋላ አገሯ አድርሳለች፤ ግን ሃያ ሁለት ሰው በመንገድ ቀርቶባታል። ሳይቃጠል በቅጠል ብላ፣ የወጣትነት ራሷን በአጭር መንገድ ልትመራት 26 ዓመት ወደ ኋላ ትመጣለች። ካፒቴኗ እምቢ ትላለች፤ አጭሩ መንገድ የጠላት መተላለፊያ ነው፤ ቢፈርስ ሚሊዮኖች ይድናሉ፣ ማምለጫ ብቻ አድርጎ ማለፍ ነውር ነው። ሁለት ሴቶች አንድ ፊት ይዘው፣ በአንድ ድምፅ ሲከራከሩ ማየት የሚያስደስት ነው። ቡና ከእጇ የማይለየው ጄንዌይ በሽምግልናዋ ወደ ሻይ ዞራለች፤ ወጣቷን ቀርባ ካየቻት በኋላ ግን ቡና ታነሣለች። መለወጧን የምናውቀው በዚህች ሲኒ ነው። መጨረሻው ግን ያላላዋል፤ አድሚራሏ ራሷን ሠውታ ሁለቱም ነገር እንዲሳካ ያደርጋሉ። የጠፉት የ26 ዓመታት ሕይወት፣ በዚያ ዘመን የተወለዱ ልጆችም ጭምር፣ ማንም አላለቀሰላቸውም። ይህ ይቆጨኛል።

በ2004 በ"ኢንተርፕራይዝ" ድራማ ደግሞ መርከቢቱ ከገዛ ራሷ ጋር ትገናኛለች፤ 117 ዓመት ወደ ኋላ ተወርውራ፣ ትውልድ በትውልድ እየተተካባት በስውር ስትጠብቅ የኖረች መርከብ። አዛዡ ሎሪያን ይባላል፤ አባትና እናቱ በወዲያኛው መርከብ ላይ ገና ስለ ጋብቻ ያላሰቡ ሁለት ባልደረቦች ናቸው። እናቱ ቲፖል ሽማግሌ ራሷን ታገኛለች፤ ጸጉሯ ነጭ፣ ንግግሯ የተረጋጋ። ከሁሉ የሚነካኝ የሎሪያን ጸጸት ነው። ሰባት ሚሊዮን ሰው የፈጀውን መሣሪያ ሊያስቆም የሚችልበት አንድ ቅጽበት ነበር፤ መርከቡን ከነሕዝቡ መሠዋት ነበረበት፤ አመነታ። ፒካርድ ሊሸሽ ነው ብሎ የጠላው ሰው ሊሠዋ የሞከረ ነበር፤ ሎሪያን ደግሞ ባለመሠዋቱ ራሱን የጠላ ነው። በመጨረሻ መርከቡ ወዴት እንደደረሰ አይታወቅም።

ሳይንሱም በዚህ መካከል አልተኛም። በ1988 ኪፕ ቶርን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር፣ የጠፈርን ሁለት ጫፎች የሚያገናኝ መሹለኪያ ቢኖር ወደ ጊዜ መኪና ሊለወጥ እንደሚችል ጻፈ። ወዲያው ጥያቄ መጣ፤ አንዲት የቢሊያርድ ኳስ በመሹለኪያው ገብታ ወደ ኋላ ብትወጣና ወጣት ራሷን ገፍታ ከመግባት ብትከለክላትስ? ቶርንና ሌሎች በ1991 እንዳሳዩት ኳሷ ራሷን ጠርብ አድርጋ፣ ያም ግጭት እንድትገባ የሚያደርጋት መፍትሔ ይገኛል። ስቴፈን ሆኪንግ ግን በ1992 ተፈጥሮ እንዲህ ያለውን ነገር ሁሉ እንደምትዘጋው ገመተ። በ2009 በካምብሪጅ ለጊዜ ተጓዦች ግብዣ አዘጋጅቶ የጥሪ ካርዱን ከግብዣው በኋላ አወጣ፤ ማንም አልመጣም። ቢሊያርድ ኳስ አዛዥ የላትም፤ ሕዝብም አትመራም። ፊዚክስ መንገዱን ቢከፍተውም ቢዘጋውም ኦዶ ላይ የሚቀርበው ክስ በቀመር አይፈታም።

ቶርን ሳይንሱን ያማከረበት የ2014ቱ "ኢንተርስቴላር" ኩፐርን ከልጁ መጻሕፍት መደርደሪያ ጀርባ ያቆመዋል። ከዚያ ሆኖ፣ ሊሄድ የተነሣውን ራሱን እንዳይሄድ ይለምናል፤ ወጣቱ አይሰማውም። በ2011 የ"ስታርጌት ዩኒቨርስ" ባልደረቦች ዘሮቻቸው ትተውት በሄዱት ማኅደር ውስጥ የገዛ ራሳቸውን ሠርግ፣ እርጅናና ቀብር በቪዲዮ ያያሉ፤ የሕክምና ባለሙያዋ ገና ያልጀመራትን በሽታ እዚያ ታገኘዋለች። ለልጆች በተሠራው የ2022ቱ "ላይትይር" አኒሜሽን እንኳ ጠላት ሆኖ የሚመጣው ሽማግሌው ባዝ ነው፤ አንድ የድሮ ስሕተት ሊያርም ይፈልጋል። ወጣቱ ባዝ እምቢ የሚለው ስሕተቱ ከታረመ የጓደኛው ትዳርና ልጅ፣ የልጅ ልጇም ስለሚጠፉ ነው። የ"የጊዜ ልጆች" ክርክር ከሩብ ክፍለ ዘመን በኋላ ወደ ሕፃናት ፊልም መውረዱ ደስ ብሎኛል።

በዚያው በ2022 የተላለፈው የ"ስትሬንጅ ኒው ወርልድስ" ክፍል ግን አዲስ ነገር አለው። ካፒቴን ክሪስቶፈር ፓይክ የሚጠብቀውን ያውቃል፤ ከዓመታት በኋላ ሠልጣኞችን ሲያድን በጨረር ተቃጥሎ መናገርና መንቀሳቀስ የማይችል ሰው ይሆናል። ይህ ዕጣ በ1966 በመጀመሪያው "ስታር ትሬክ" ለተመልካች የታየ ነው። ሊያስቀረው ሠልጣኞቹን በደብዳቤ ለማስጠንቀቅ ሲነሣ የአድሚራል ልብስ የለበሰ፣ ጸጉሩ የሸበተ ፓይክ ከፊቱ ይቆማል። ዕጣውን ካመለጠበት ዘመን የመጣ ነው። አድሚራሉ ወጣቱን ፓይክ ያን ዘመን ለጥቂት ጊዜ እንዲኖረው ያደርገዋል፤ በእሱ መዳን ምክንያት ጦርነት ይነሣል፣ ስፖክ በጽኑ ይቆስላል፣ ሕዝብ ያልቃል። ኦዶ የሚወዳትን ሊያድን፣ ጄንዌይ የሞቱባትን ልትመልስ፣ ሽማግሌው ባዝ ስሕተቱን ሊሽር መጡ። ይህ አድሚራል ግን ሙሉ ጤና፣ ማዕረግና ረጅም ዕድሜ ይዞ መጥቶ ወጣቱን የሚለምነው እንዲቃጠል ነው። የሚያጠፋውም የሌሎችን ሕይወት አይደለም፤ የገዛ ራሱን ሕይወት ነው፣ እንዲጠፋ የሚጠይቀውም እሱ ራሱ ነው። ወጣቱ ፓይክም እሺ ይለዋል።